የደነዞች ክፍል

ባለፈው ሳምንት ከዘንዘልማ ወደ ከተማ በባጃጅ ስመጣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ጭናቸው ላይ አንድ እቅፍ ጤና አዳም ይዘው ነበርና፣ ሽታው ገና አፍንጫዬን ሲነካው እጄ ሳላዝዘው ወደ አንገቴ ሄደ። እናቴ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ጠቅልላ ታንጠለጥልልኝ የነበረው እዚያ ነው። በዚያ ሽታ የተነሣ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ማግኘት መከራ ነበር።

እናቴ ሐዋ አባቴ ከጣና ያጠመደውን ዓሣ ባሕሩ ዳር የምትሸጥ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትል ሴት ነበረች። ሚዛኑን ትጠረጥራለች፣ ደመናውን ትጠረጥራለች፣ ከሁሉ አብልጣ ግን ልጇን የሚያደንቅ ሰው ትጠረጥራለች። ከእኔ በፊት የወለደችውን ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ይህ ልጅ እኮ አዋቂ ነው» ሲለው ሰንብቶ፣ ልጁ ትኩሳት ይዞት ሞተ። ፍርሃቷ የወግ አልነበረም፤ ልጅ ቀብራለች።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የተለየ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ለይቶ ለብቻ ለማስተማር ተብሎ አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። ሥዕል እያሳየ፣ እንቆቅልሽ የመሰለ ነገር እየጠየቀኝ ዋለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ይባስ ብሎ እናቴ ዓሣ ከምትሸጥበት ድረስ መጥቶ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት «ይህች ልጅዎ እኮ ጉድ ናት! እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ማሻአላህ እንኳ አላለም» አለች፣ ፊቷ አመድ መስሎ። እኔም የማልረባ፣ በማግስቱ ትኩሳት ያዘኝና ተኛሁ። በቃ፣ እናቴ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳልረግጥ ቆረጠች።

ከትምህርት ቤት ቀርቼ ከሰነበትሁ በኋላ አስተማሪዬ ቲቸር አበባ ቤታችን መጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ እሰማለሁ። ሴትየዋ የባሕር ዳር ልጅ ናቸውና ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ያውቃሉ። «እትዬ ሐዋ፣ ያ ሰውዬ እንግዳ ነው፣ ተሳስቷል» አሉ። «ልጅዎ እንኳን ጎበዝ ልትሆን ደነዝ ናት። ከሰዓት ከሰዓት ከሌሎቹ ደነዞች ጋር ለብቻ ካላስተማርኋት ከክፍል ክፍል አታልፍም።» እናቴ ዓይን ዓይናቸውን ስታይ ቆየችና ትንፋሿን ለቀቀች። «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ልጇ ደነዝ ስትባል እንዲህ ደስ ያላት እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትልቁን ዓሣ መርጣ አስይዛ ሸኘቻቸው፤ እኔም ትምህርት ቤት ተመለስሁ።

ጉዱ ግን እኔም ማመኔ ነው። አንድ ቀን ያየኝን እንግዳ ልመን ወይስ በየቀኑ የሚያዩኝን አስተማሪ? ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ክፍላችን ራሱ ያስጠረጥር ነበር። አንዱ ልጅ ሲጠሩት አይሰማም፤ አንዷ የጫማዋን ክር ማሰር አትችልም። ሌሎቹ ልጆች ቁጭ ብለው የማባዣ ሰንጠረዥ በዜማ ሲያነበንቡ፣ እኛ ሜዳ ወጥተን ዛፉ ላይ ሳንወጣ ቁመቱን በጥላው እንለካለን፤ ሐይቁ ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት ለምን እንደሚናወጥ እንከራከራለን። እኔ በልቤ «አየሽ፣ ተስፋ ቆርጠውብን ነው የሚያጫውቱን» እላለሁ። ያን ክፍል እንዴት እንደወደድሁት! ከመውደዴም ጋር አፍርበት ነበር። ከዚያ ለመውጣት ስል ሌት ተቀን አጠና ነበር፤ ባጠናሁ ቁጥር ቲቸር አበባ የባሰ ከባድ ጥያቄ ይሰጡኛል።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከሁሉም በልጬ ሳልፍ አራሚዎቹን ጠረጠርሁ። ቲቸር አበባን ደፍሬ ሳልጠይቃቸው ወደ ጎንደር ተዛወሩ። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅም እናቴ ለጎረቤት «ምን ትሁን ብለሽ ነው፣ እንዲሁ ስትንከራተት ከረመች» አለች። አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብላኝ አታውቅም። ከፋኝ፤ ዓመታት ሙሉ ከፍቶኝ ኖርሁ። እስከ ዛሬ ሰው ሲያመሰግነኝ ምን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን እዳስሳለሁ።

በመጨረሻው ሕመሟ ጊዜ አልቻልሁም፣ ጠየቅኋት። «እማ፣ ያኔ ቲቸር አበባ ደነዝ ናት ሲሉሽ አምነሻቸው ነበር?»

ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም። እንደምንም ከትራሱ ቀና ብላ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥላ መስኮቱን አየች። ከዚያ እጄን ወደ ደረቷ ሳበችና «ቀስ በይ» አለችኝ፤ «ሰው ይሰማሻል።»

አሁን በየስብሰባው ስሜን እየጠሩ በሰው ፊት ያሞግሱኛል። አጨብጭበው ሲጨርሱ ዙሪያዬን አያለሁ፤ ልትደብቀኝ የምትሞክር ሴት የለችም።