ከቡ ዋርሲቲ ስልክ የወጣው የሠርግ ጥሪ

ቡ ዋርሲቲ በቱሉንጋጉንግ ከተማ በሰፈራችን ሠላሳ ስምንት ዓመት አዋላጅ ነበሩ። «ቡ» ለትልልቅ ሴቶች የምንሰጠው የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ወንዶቹን «ፓክ» እንላለን። ጡረታ ከወጡ በኋላም እናቶች ልጅ ሲያተኩሰው፣ ጡት እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሳቸው ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከጎረቤታቸው ከፓክ ሩስዲ ቁጥር መልእክት ገባላቸው። «የልጃችን ሠርግ ነውና እንዳይቀሩብን» ይላል፤ ከሥሩ የጥሪ ካርድ የሚመስል ፋይል አለው። ልጅቷን ኒኒንግን ያዋለዷት ራሳቸው ናቸው፤ አሁን አስተማሪ ናት፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቡ ዋርሲቲ ከደስታቸው ብዛት መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ ፋይሉን ነኩት። ስልኩ አንድ ነገር ጠየቀ፤ «ፍቀድ» የሚለውን ተጫኑ። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግሞ ተጫኑ። ካርዱ ግን አልተከፈተም። ስልኩን አስቀምጠው ሩዝ ሊጥዱ ሄዱ።

እኩለ ቀን ላይ ኒኒንግ በሞተር ሳይክል እየበረረች መጣች።

«ቡ፣ ሠርጌን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሙሽራው ማነው? እኔም ልወቀው እንጂ!»

«አባትሽ አይደል እንዴ የጠራኝ?»

«አባዬ ትናንት እንዲህ ያለ ፋይል ከፍቶ ስልኩን ሌቦች ከሩቅ ያዙበት። አሁን ደግሞ ጥሪው ከእርስዎ ስልክ እየተላከ ነው።»

ኒኒንግ ስልኩን ዘጋችው፤ በራሷ ስልክ ባንክ ደውላ አገናኘቻቸውና ሒሳባቸውን አሳገዱ። ቡ ዋርሲቲ ስለ ገንዘባቸው አልጠየቁም።

«ስንት ሰው ዘንድ ደርሷል?»

«ስልክዎ ውስጥ ስሙ ያለ ሁሉ ዘንድ።»

ብስክሌታቸውን አወጡ። እስኪመሽ ድረስ በየደጁ እየቆሙ፣ «ከእኔ የመጣውን እንዳትከፍቱ፤ ሞኝ ሆኜ ነው» እያሉ ዞሩ። አብዛኛው ሰው ሳቀ። የተማሪ ልብስ የምትሰፋው ሊሊስ ግን ቀድማ ከፍታዋለች። ለአዲስ የስፌት መኪና ያጠራቀመችው ሁሉ ከሒሳቧ ወጥቷል።

«ከሌላ ሰው ቢሆን አልከፍተውም ነበር» አለች።

ፖሊስ ቃሏን ተቀበለ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ቡ ዋርሲቲ የራሳቸውን የስፌት መኪና በጋሪ አስጭነው ወሰዱላት። ሁለት ጊዜ መለሰችው። በሦስተኛው ተቀበለች፤ ሰላምታዋ ግን እስካሁን ቀዝቃዛ ነው።

ኒኒንግ ስልኩን አጽድታ አዲስ የሚስጥር ቁጥር እንዲያወጡ ነገረቻቸው።

«የልደት ዓመትዎን እንዳያደርጉ።»

«ሌላ ምን አስታውሳለሁ?»

«የማይረሱት ሌላ ቁጥር አይጠፋም።»

አሰቡና መጻፍ ጀመሩ። ኒኒንግ ልታይ ስትጠጋ «ዞር በይ!» አሏት።

ከዚያ ወዲህ በስልካቸው የድግስ ጥሪ ሲላክላቸው ደውለው የላኪውን ድምፅ ሳይሰሙ አይነኩትም። ሰው ያሾፍባቸዋል፤ እሳቸው ግን መደወላቸውን አልተዉም። አንድ ቀን አንድ ሰው ደውሎ ከባንክ ነኝ አለና፣ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን የሚስጥር ቁጥር ያንብቡልኝ አላቸው።

«የትኛው ቅርንጫፍ ነህ ልጄ? በብስክሌት እመጣለሁ» ሲሉት ዘጋባቸው።

በየወሩ ሕፃናት በሚመዘኑበት ቀን ቡ ዋርሲቲ ከሚዛኑ አጠገብ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። ተራ የሚጠብቁትን እናቶች ስልካቸውን እያስወጡ፣ የትኛው ፋይል እንደማይከፈት፣ የትኛው ቁጥር ለማንም እንደማይነገር ያሳዩአቸዋል። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት እናት እጇን አወጣች።

«ቡ፣ ባለቤቴስ የሚስጥር ቁጥሬን ይወቅ?»

«እሱን ያዋለድኩት እኔ ነኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ ቡ ዋርሲቲ። «አይወቅ።»