የካፖርቱ ሦስተኛ ቁልፍ

ጎርፍ ቤታቸውን ለወሰደባቸው ሰዎች ልብስ ሲሰበሰብ፣ መቱ ከተማ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ልብስ ከሚለዩት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። የሄድኩት ለጽድቅ ብቻ አልነበረም። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት የሥራው ኃላፊ ሆናለች ሲሉኝ፣ እኔ በሌለሁበት ምን እንደምታወራ ስለማውቅ ጭምር ነው። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

መሬት ላይ ሸራ ተዘርግቶ ማዳበሪያው ይዘረገፋል። አንዷ ልብሱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ትዘረጋዋለች። ቀዳዳ ከሌለው «ጋሪዳ» ትላለች፣ ደህና ነው ማለቷ ነው፤ ወደ ክምሩ ይሄዳል። ያለቀለት ለመወልወያ ይቀደዳል። ስፌቱ የተተረተረውን ወይም ቁልፍ የጎደለውን ደግሞ አንዷ ቤቷ ወስዳ ሰፍታ በማግስቱ ትመልሰዋለች።

አጠገቤ ከያዮ መጥታ መቱ የተዳረች ቀልደኛ ሴት ነበረች። አንድ የሚያብለጨልጭ የሰርግ ቀሚስ አንስታ፣ «ይቺን የላከችው ሴትዮ ጎርፉ ሰርግ ቤት የገባ መስሏታል» አለች። ሳቅን። ቀጥላ ያነሳችው የባለቤቴን ካፖርት ነበር።

ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ የለውም። የአንገቱን ማንጠልጠያ ቡናማ ክር ባጣሁ ጊዜ እኔው በአረንጓዴ ክር ሰፍቼዋለሁ።

ያንን ካፖርት ለብሶ ለሥራ ወደ ኡካና ወደ ያዮ ይመላለስ ነበር። ማታ ሲገባ በሩ ጀርባ ይሰቅለዋል፤ የዝናቡ ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ እራት አቀርባለሁ። የሞተ ጊዜ፣ አርባው ሳይደርስ እህቱ መጥታ ልብሱን ሁሉ በአንሶላ ቋጠረች። ስለ ነፍሱ ለነዳያን ይሰጣል፣ ወጉ ነው።

«እትዬ፣ ካፖርቱን ብቻ ይተዉልኝ» አልኳት።

«የሙት ልብስ ታቅፎ መቀመጥ ነፍሱን ማስጨነቅ ነው» አለችኝ፣ ለቀስተኛው እየሰማ። በኋላ ለአንድ ብርድ ለሚመታው ሽማግሌ ሰጠሁት አለች። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ሚኒባስ መሳፈሪያው ጋ፣ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ፊት ለፊቱ ዞሬ ቁልፎቹን አይ ነበር። ስንቱ እብድ ናት ብሎኝ ይሆን።

«ይሄ ማዳበሪያ የማን ነው?» አልኩ።

«የኔ ነው» አለች እህቱ ከወንበሯ ሳትነሳ። «ቤት ሳጸዳ ያገኘሁት ነው።»

«ሽማግሌው መለሰልዎት እንዴ፣ እትዬ?»

የያዮዋ ሴት ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። 

«ቁልፍ ጎድሎታል፤ እኔ ወስጄ ልስፋው» አልኩ።

«ውሰጂ። ግን ይመለሳል፣ የእግዚአብሔር ሆኗል።»

«እሱስ ከእርስዎ ቤት የወጣው ገና ዛሬ ነው።»

ባጃጅ ውስጥ ታቅፌው ቤቴ ገባሁ። በሩን ከመዝጋቴ አፍንጫዬን አንገትጌው ውስጥ ቀበርኩ። ሳሙና ሳሙና ይላል። ከወሰደችብኝ አይቀር ምናለ ሳታጥበው በወሰደችው።

በሩ ጀርባ፣ በድሮው ምስማር ላይ ሰቀልኩትና ተቀመጥኩ። ይዤው ልቅር ብዬ አስቤ ነበር፤ ማን ይከሰኛል? ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ካፖርቱ ግን ደረቅ ነው፤ ወለሉ ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጆሮዬን ሰጥቼ ብዙ ጠበቅሁ። በመጨረሻ፣ ዝናብ የሚመታው ሰው ይልበሰው አልኩ።

የወደቀው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ከመታመሙ በፊት አልጋ ሥር አግኝቼው የስፌት ቆርቆሮዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አወጣሁት፣ ከቀሩት ጋር አስተያየሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ከአሮጌ ሹራቤ ሌላ ቁልፍ ቆርጬ ሰፋሁለት።

በማግስቱ ካፖርቱን የተቀበለችኝ ራሷ እህቱ ነበረች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች በቁልፎቹ ላይ አስኬደች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ የእሱ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም።»

«የእሱስ?»

«እኔ ጋ ነው።»

እጇን ከካፖርቱ ላይ ቶሎ አላነሳችም። ለምን እንደደበቀችው አውቃለሁ፤ እናታቸው ስትሞት ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ማወቄ ግን ቂሜን አልቀነሰልኝም። በመጨረሻ «ጋሪዳ» አለችና አጥፋ ክምሩ ላይ አኖረችው። ከሰዓት በኋላ አይሱዙው ጭኖት ሄደ።

ባለፈው ጥምቀት እንኳን አደረሰሽ ልትለኝ ቤቴ መጣች። አርጅታለች። ስትገባም፣ ስትቀመጥም በሩ ጀርባ ያለውን ባዶ ምስማር ታያለች።

«ያቺን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብታሳዪኝ» አለችኝ።

«የት እንዳስቀመጥኳት እንጃ፣ እትዬ። እፈልግልዎታለሁ» አልኳት።

ቆርቆሮው ክርኗ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር።