ቃጭል የታሰረበት ጦጣ

እጅጉ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ወንዝ ዳር ባለች ቁራጭ መሬቱ ላይ በቆሎ ይጠብቃል። በ1989ኙ የመሬት ድልድል፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር ተብሎ «ቢሮክራት» የሚል ስም ወጣለት፤ ከመሬቱም ሲሶው ብቻ ቀረለት። መሬቱስ ይሁን፤ እሱን ያንገበገበው የሰው ሰላምታ መቅረቱ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የልቡን የሚያጫውተው ጎረቤቱ ደስታው ብቻ ነበር። ከማማ ማማ እየተጣሩ ሲቀላለዱ ይውሉ ነበር። አሁን እጅጉ ቢጣራ ደስታው ዝም ነው፤ ከቢሮክራት ጋር ሲያወራ እንዳይታይ ይፈራል።

ያልራቁት አውሬዎቹ ብቻ ናቸው። ጉሬዛው እንኳ ጨዋ ነው፤ ከወንዙ ዳር ዛፍ ሳይወርድ ቅጠሉን በልቶ ያድራል። ዝንጀሮው ከገደሉ ሲመጣ እየጮኸ ስለሆነ በወንጭፍ ይመለሳል። ጦጣ ግን፣ ያ ፊቱን ጥላሸት የተቀባ ሌባ፣ ሰው ዞር እስኪል አድፍጦ የሚጠብቅ ነው።

በቆሎው እሸት ሲይዝ እጅጉ አባቱ ያደርጉት የነበረውን አደረገ። አንዱን ጦጣ በወጥመድ ያዘና አንገቱ ላይ የፍየል ቃጭል አስሮ ለቀቀው። ጦጣው ወደ ወገኖቹ ሲሮጥ ወገኖቹ በቃጭሉ ድምፅ በርግገው ሸሹ። እሱ ሲከተል እነሱ ሲሸሹ፣ መንጋው ወንዙን ተሻግሮ ጠፋ። እጅጉ ማማው ላይ ሆኖ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ጦጣው ብቻውን ተመልሶ መጣ። ከማማው አጠገብ ካለችው ዋንዛ ላይ ቁጭ ብሎ ማዶ ማዶውን ያያል። እሸት ቢወረውርለት አልነካውም። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቃጭሉ ይጮኻል፤ በገዛ ድምፁ ደንግጦ ኩርምት ይላል።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አለው እጅጉ። ወዲያው ግን በድልድሉ ስብሰባ መሀል ስሙ የተጠራበት ቀን፣ ከጎኑ የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ፈቀቅ ያሉበት ቀን ትዝ አለው። «አይ እኔ! እኔው ነኝ ጉድ የሠራሁህ።»

ያንኑ ወጥመድ እንደገና ዘረጋ። ጦጣው ሲያዝ የእጅጉን አውራ ጣት በጥርሱ ዘለዘለው፤ እጅጉ ደሙ እየፈሰሰ የቃጭሉን ገመድ በቢላዋ በጠሰለት። ጦጣው ዞር ብሎም ሳያየው ወንዙን ተሻገረ።

በማግስቱ መንጋው ተሰብስቦ መጣ። አንዷ ሌላውን አስተኝታ ቅማሉን ትለቅምለታለች። የትኛው የእሱ እንደሆነ እጅጉ መለየት አልቻለም፤ ሁሉም አንድ ሆነዋል። ወንጭፉን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። አንድ ትልም ሙሉ እሸት ሲበሉ ዝም ብሎ አያቸው።

ጠግበው ወደ ደስታው ማሳ ሲያቀኑ ግን፣ የጠባቂ ወግ ነውና፣ ብድግ ብሎ ተጣራ።

«ደስታው! ጦጣ መጣብህ!»

ጥቂት ቆይቶ ከወዲያኛው ማማ የደስታው ወንጭፍ ጮኸና መንጋው ተበተነ። እጅጉ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። አንዲት ቃል እንኳ አልሰማም።

«ሰምቶኛል» አለ ለራሱ፣ ከማማው እየወረደ። «ብቻ ሰምቶኛል።»