ማዳም ያስገመተቻቸው ጠገራ ብሮች

በላብ የራሰ ብር መዳፍ ላይ የሚተወው ሽታ አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ መልስ ስቀበል ድንገት ይመጣብኛል፤ በመጣ ቁጥርም ጥርሴን ያስነክሰኛል።

ልጅ ሳለሁ ሳዑዲ አረቢያ፣ ኮበር ከተማ ቱቅባ ሰፈር፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ አል ራዋቢ ሰፈር ላለ አንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበር፤ እናቴም እዚያው ቤት ቀን ቀን ስትሠራ ውላ ማታ ትመለስ ነበር፤ የሁላችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በዚያ ቤት አባወራ፣ በአሠሪያችን በካፊሉ እጅ ነበር። የኮበር ብርድ ሲገባ እናቴ አርብ አርብ ከሻንጣዋ ሥር ድሪዋን አውጥታ፣ የተንጠለጠሉበትን አራት ጠገራ ብሮች በሎሚና በጨው እያሸች ታጸዳ፣ እኔንም ታስይዘኝ ነበር። ከወሎ ስትወጣ እናቷ ከገዛ አንገቷ ፈትታ ያሰረችላት ነው። ከአራቱ በአንደኛው ላይ የተቀረጸችው ንግሥት አፍንጫዋ በመታሸት ብዛት አልቆ ስለነበር፣ «ይቺ ጎራዳ» እያልን እንስቅባት ነበር።

ብርዱ አልፎ የአቧራው ወራት ሲመጣ የታናሽ ወንድሜ የከድር ጆሮ መግል መቋጠር ጀመረ፤ ሐኪሙም ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ መስማቱ ያሰጋል አለ። እናቴ ድሪውን ልትሸጥ ቆረጠች፣ ግን ስንት እንደሚያወጣ አታውቅም ነበር። የካፊሉ ሚስት ማዳም ይህን ስትሰማ «ወንድሜ የድሮ ገንዘብ ያውቃል፣ ላስገምትልሽ» ብላ ወሰደችውና፣ ሰንበት ብላ በላስቲክ ቋጥራ መለሰችላት።

«ማፊ ፋይዳ፣ ዘሃራ፤ አይረባም። ቆርቆሮ ነው አለኝ።»

እናቴ ቤት ገብታ ላስቲኩን ስትፈታ ድሪው የለም፤ ያለው አራት የሚያብለጨልጭ ክብ ነገር ነበር፣ የአራቱም ንግሥት አፍንጫ ሙሉ ነው።

«ለውጠውብኛል» አለች።

አባቴ በሩን ዘጋ። «ዝም በይ! ነገ ጠፍተው ሄዱ ብለው ሁሩብ ቢያስመዘግቡን የት እንገባለን?»

«የልጄን ጆሮ ሰርቀውኝ ነው ዝም የምለው?»

ልብስ ገላ ላይ የሚጣበቅበት ሙቀት እየጀመረ ነበር። እናቴ የምታውቀው የወጥ ቤት ዓረብኛ ብቻ ስለነበር፣ እኔን አስተርጓሚዋ አድርጋ ደማም ገበያ ወደ አንድ የመናዊ ብር ሻጭ ሽማግሌ ይዛኝ ሄደች። ሽማግሌው ከእኛ አንዱን መስታወቱ ላይ ጣለው፤ ድምፁ ደንዝዞ ቀረ። ከመሳቢያው የራሱን አውጥቶ ሲጥል ግን ጠርቶ ጮኸ።

«ይሄ ብር ነው። ያንቺው መጫወቻ ነው» አለኝ።

«እውነተኛው ቢኖረን ይገዛን ነበር ወይ በይው» አለች እናቴ።

«ሳልከራከር» አለ።

ከዚያ በቀጥታ አል ራዋቢ ሄድን። ማዳም ሳሎን ውስጥ እንግዶች ተቀብላ ነበር። ዓመታት ሙሉ ያንን ምንጣፍ ተንበርክካ ስታጸዳ የኖረችው እናቴ በጫማዋ ረግጣው ገባች።

«ሌባ በያት» አለችኝ።

«ሐራሚያ!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ማዳም እናቴን ትታ እኔን አየችኝ፤ ለብሼ የነበረው የልጇ አሮጌ ቀሚስ ነበር። «ወንድሜ የሰጠኝን ነው የሰጠኋት። ኸላስ፣ ውጡልኝ!»

እናቴ ቆርቆሮዎቹን በፊንጃሎቹ መሃል በተነቻቸው። ከእንግዶቹ አንዷ እንኳ ቀና ብላ አላየችንም።

ካፊሉ ወዲያው ኹሩጅ መታልን፤ ላይመለሱ መሸኛ ማለት ነው። አባቴ ሻንጣ ሲያስር እናቴን ይወቅሳታል ብዬ እየፈራሁ ስጠብቅ፣ ገመዱን ይዞ ቆመና «ማዳም ዘንድ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አላት። ድሪውንም ሆነ ብሮቹን ዳግመኛ አላየናቸውም።

ያኔ ዋጋቸውን ለማወቅ እውነተኛ ሰው ፍለጋ ደማም ድረስ መሄድ ነበረብን፤ ዛሬ ደሴ ላይ የገባሁበት ብር ሠሪ ሁሉ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። ከድር በመጨረሻ እዚሁ አገር ቤት ታከመ፣ ግን ጊዜው አልፎ ስለነበር ግራ ጆሮው አልዳነም፤ ትልቅ ሰው ሆኖም በዚያ በኩል ሲያወሩት አይሰማም። እናቴ ልታናግረው ስትፈልግ ምንም ሳትል ተነሥታ ወደ ቀኙ ትዞራለች። ስለ ማዳም ከተነሣ፣ «ለአላህ ሰጥቻታለሁ» ትላለች። እኔ ግን አልሰጠኋትም።