ከአዋሳ በኪሴ የመጣው ቁልፍ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ አዲስ አበባ

ወደ አዋሳ የተነሣሁት ከታናሽ ወንድሜ ከታደሰ ጋር ለመታረቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሠርጉ ላይ ሙሽራዋ ማርታ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ!» ስትለኝ ፊቴን አዞርኩ። ታደሰም ሲዳማ በማግባቱ እጇን የተጸየፍኩ መሰለው። እውነቱ ሌላ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ አንጀቴ እየቆሰለ ደም ያስቀምጠኛል። መጸዳጃ ቤቱን በማላውቀው ቦታ እህል ከቀመስኩ ላብ ያጠምቀኛል። ይኼ ደግሞ ለማን ይነገራል? ከቀበሌ ስብሰባ መሃል ብድግ እያልኩ ስለምወጣ ሊቀመንበሩ እንኳ ፀረ አብዮት ነው ብሎ ዓይኑን ጥሎብኛል። ለእሱም ቢሆን ሕመሜን አልነገርኩትም።

አሁን ታደሰ ሴት ልጅ ወልዶ ጻፈልኝ፦ «ልጄን ለማየት ካልመጣህ ወንድም የለኝም እላለሁ።»

ከትናንት ምሳ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። አውቶቡሱ ውስጥ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዝኩ።

ረፋድ፤ ዝዋይን እንዳለፍን

ሞጆ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ የይለፍ ወረቀቴን አሳየሁ። ዝዋይ ላይ ተሳፋሪው በመስኮት ፓፓያ ሲገዛ እኔ መጸዳጃ ቤት ለመጠየቅ ሳፍር አውቶቡሱ ተነሣ። ሐኪሜ «ጭንቀቱ ራሱ በሽታውን ይቀሰቅሰዋል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ እንዳይመጣ ስፈራ መጣ።

«ሹፌር፣ እባክህ አቁምልኝ!»

ረዳቱ «አሁን ዝዋይ ቆመን አልነበር እንዴ?» ብሎ ሲጮህ አውቶቡሱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ። «አቁም ልጄ፣ እኔም ጨንቆኛል!» ከኋላ አንድ ወታደር «እኔም» አለ፤ ከዚያ ግማሹ ሰው ወረደ።

ከመንገድ ዳሩ ግራሮች ጀርባ ስመለስ አሮጊቷ ከአውቶቡሱ በር አንድ እርምጃ አልራቁም።

«እማማ፣ እርስዎ አልሄዱም?»

«እኔማ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አሉና ሳቁ። ጉልበታቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

ከቀትር በኋላ፤ አዋሳ

ከአውቶቡስ መናኸሪያው በጋሪ ወደ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ታደሰ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ይኖራል። እጄን ጨበጠኝ እንጂ አልሳመኝም። ማርታ ሕፃኗን አስታቀፈችኝና ትኩስ የቡላ ገንፎ አቀረበች። ከዚያ ማንኪያውን ራሷ አነሣች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ይበሉልኛል?»

ታደሰ አቀርቅሮ ወለሉን ያያል። ዝም ብል ወንድሜን ማጣቴ ነው።

«ማርታዬ፣ ተጸይፌሽ አልነበረም» አልኩ። «ታምሜ ነው።» አንዴ ከጀመርኩማ ደሙንም፣ ሽሽቱንም፣ የዛሬውን አውቶቡስም ዘረገፍኩት።

«አሥር ዓመት?» አለ ታደሰ። «እኔ ምንህ ነኝ ታዲያ?» አንገቴ ሥር ገብቶ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ማርታ አላለቀሰችም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?» ብላ ከበሩ ጀርባ ከምስማር ላይ ቁልፍ አወረደች። ግቢው ሁሉ የሚጋራው ብቸኛው የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ነው። «እዚህ እስካሉ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ስንፈልግ እኛ እርስዎን እንጠይቃለን።»

ገንፎውን ከእጇ በላሁ። ሦስት ቀን ሐይቁ ዳር ሕፃኗን አቅፌ ተንሸራሸርኩ፣ ዓሣም ቀመስኩ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ሁለት ጊዜ ሮጬአለሁ። ግን ቁልፉን በኪሴ ስዳብሰው ልቤ ያርፍ ነበር።

ቤቴ

አዲስ አበባ ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ አንድ ነገር ኳ አለ። ቁልፉ! ወይ ጉዴ፣ አምስት ቤት ሰው! በማግስቱ የይቅርታ ደብዳቤ ላክሁ። በዚያው ሳምንት ለቀበሌው ሊቀመንበር መታመሜን ነገርኩት። ጥቂት አየኝና «ታዲያ ጓድ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጣ!» አለኝ። ለካ አሥር ዓመት የፈራሁት ይኼንን ብቻ ነበር። ያሠቃየኝ አንጀቴ ብቻ አልነበረም፤ ብቻዬን መደበቄም ነበር።

የታደሰ መልስ ዛሬ ደረሰኝ፦

«ጓጉንቸሩን ሰብረን ገባን። ግቢው አሁንም ይስቅብሃል። አዲሱ ሁለት ቁልፍ አለው፤ ማርታ አንዱን ‹የጋሼ ነው› ብላ ለብቻው ምስማር መትታለት ሰቅላዋለች። መቼ ትመጣለህ?»