የፀሐይ የክርስትና ስም

ልጄ በቀደም ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛችልኝን የቻይና ልብ ወለድ ማንበብ ስጀምር፣ ከከተማ ወደ ገጠር የተላከው ወጣት ገና መንደሩ ሳይደርስ ጫማውን ጭቃ ያስቀርበታል። እዚያ ላይ መጽሐፉን አጠፍኩት። የቢቸና ዋልካ፣ ያ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ከባድ ሽታ፣ ከስንት ዘመን በኋላ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። እኔና ፀሐይ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሴት ልጆች፣ ካኪ ለብሰን ገበሬውን ልናስተምር ዘመትን። የጭነት መኪናው እኛን ቢቸና ላይ አራግፎ ሌሎቹን ወደ ሞጣ ይዟቸው ሄደ፤ እኛም በእግራችን ወደተመደብንበት መንደር ተጉዘን፣ የሚያስጠጉን አያ ደምሴና ባለቤታቸው እትዬ ጠጄ ቤት ደረስን። ፀሐይ ገና አረፍ ሳትል ስለ ጭቁኑ ገበሬ ማስረዳት ጀመረች። አያ ደምሴ አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈው እስክትጨርስ ሰሟትና፣ «ጭቁንስ ጭቁን ነን ልጄ፤ ግን ዘመቻ ያለ ጠላት አይቼ አላውቅም። ማንን ልትወጉ ነው የመጣችሁት?» አሏት። እትዬ ጠጄ እየሳቁ «በሉ መጀመሪያ እህል ቅመሱ» ብለው ገላገሏት። ክረምት ገብቶ ጤፉ ብቅ ሲል አረም እናግዛለን ብለን ወጣንና ቡቃያውን ከአረሙ ጋር ስንነቅለው ዋልን። አያ ደምሴ ማሳውን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «አሁን ማንን ልትወጉ እንደመጣችሁ ገባኝ» አሉ።

ነሐሴ ላይ ፀሐይን ተስቦ ያዛት። በሽታው ይጋባል ብሎ ጎረቤቱ ሲርቅ፣ እትዬ ጠጄ ራሷን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጥሚት በማንኪያ ያጠጧት ነበር። ሲብስባት የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ አበጁና ቢቸና ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዘናት ወጣን፤ ዋልካው እየያዘን፣ ተሸካሚው እየተቀያየረ፣ እትዬ ጠጄም ከጎኗ ሳይለዩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቷል። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ እዚያው፣ ሁላችንም ወንዝ ወንዙን ስናይ፣ ሞተች። መጀመሪያ ያወቁት እትዬ ጠጄ ነበሩ። እኔ ከእግሬ ላይ ጭቃ እየፋቅሁ ነበር፤ ጩኸታቸውን ስሰማ ቀና ብዬ አየሁና ተመልሼ ጭቃውን መፋቅ ቀጠልኩ።

ወንዙ ስላላሻገረን ቤተሰቦቿ ወዳሉበት አዲስ አበባ ልንልካት አልቻልንም፤ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን መለስናት። ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። አብሬያት ተምሬያለሁ፣ አንድ አጎዛ ላይ ተኝተናል፣ በልቧ የያዘችውን ልጅ ስም ሳይቀር አውቃለሁ፤ ያንን ግን አላውቅም። ራሴን ነቀነቅሁ።

«የእኔን ስጧት» አሉ እትዬ ጠጄ።

«እንዴት ሆኖ?» አሉ ቄሱ።

«ወለተ ማርያም ይበሏት፣ አባ። የሰው ልጅ ያለ ስም አፈር አይገባም። ለእመቤቴ እኔ እነግራታለሁ።»

ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡ። የመንደሩ ሴቶች እንደ ወለዷት ደረት እየመቱ አለቀሱላት። እኔ አላለቀስኩም፤ ሰኞ ፊደል ማስቆጠሬን ቀጠልኩ።

ዘመቻው ሲያበቃ እናቷ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ወለተ ሥላሴ ነበረች» አሉ። «ለዚያች ሴት እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ የቀረበልኝን ሻይ ጠጣሁ፤ ስኳሩ በዝቶ እንደነበር አስታውሳለሁ።

እትዬ ጠጄም ዛሬ በሕይወት የሉም። የፀሐይ መልክ ጠፍቶብኛል፤ ድምጿም አይመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ አባቴን ቀብሬያለሁ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ለቀስተኛው ሲያነባ እኔ ንፍሮው ደረሰ ወይ እያልኩ ጓዳና ድንኳን እመላለስ ነበር። ጠንካራ ናት ይሉኛል። ከዘመቻው በፊት ግን መምህር ሌላ ልጅ ሲቆጣ እንኳ እንባዬ የሚቀድመኝ ሰው ነበርኩ።