ሃይላንድ ውስጥ ያለ ባሕር

ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ማሪቱን ያስመረራት ከመጨናነቁ ይልቅ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ጥቁር ኮቱ ተተኩሷል፤ ጺሙ ግን ከተላጨ ሰንብቷል። ውሃና ዘይት እስከ አፉ የሞላበት ሃይላንድ ጭኑ ላይ አጋድሞ ይዟል፤ ውስጡ ስቱኮ እንደ ዳገት ለስኖበታል።

መኪናው ባነጠረ ቁጥር፣ «አየሽ እህቴ፣ ላዩ ጸጥ ብሏል። ውስጥ ውስጡን ግን፣ ውሃውና ዘይቱ በሚገናኙበት፣ ማዕበል ይሄዳል፤ ዳገቱ ጋ ሲደርስ ተሰብሮ ይታመሳል። ጥልቁ ባሕርም እንዲህ ነው፤ ላይ ያለው መርከብ አያውቅም» ይላታል።

«ሰማሁ እኮ ጋሼ! ባሕሩ ቀርቶ የቧንቧ ውሃ እንኳ መቼ አለን? ቀሚሴን ዘይት በዘይት አደረጉብኝ!»

«ይቅርታ፣ ለተማሪዎቼ ነው» አለና ክዳኑን አጠበቀ።

ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆሞ ሞተሩን አጠፋ። የሰውዬው ስልክ ጮኸ።

«አቤት ልጄ። ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፣ ተኝታ ነው። እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?»

ፊቱም ድምፁም አልተለወጠም። ማሪቱ ጥቁሩን ኮትና ያልተላጨውን ጺም ደግማ አየች። መርዶ በስልክ አይነገርም።

መኪናው እንደቆመ ነው። ጭኑ ላይ በያዘው ሃይላንድ ውስጥ ግን ማዕበሉ ዳገቱን እየመታ ይሰበራል።